ከሦስት ጉልቻ እስከ ግድግዳ ኦቨን፦ የማድ ቤት እሳት ታሪክና የእድሳት ምርጫ

አንድ ቤት ሲታደስ ብዙ ክርክር የሚነሣበት፣ ብዙ ገንዘብም የሚፈስበት ክፍል ማድ ቤት ነው። ሳሎን ቀለሙ ቢታደስ፣ መኝታ ቤት ወለሉ ቢለወጥ ይበቃዋል፤ ማድ ቤት ግን ውኃ፣ ኤሌክትሪክ፣ ጋዝ፣ ጭስና እሳት ተጎራብተው የሚኖሩበት ስለ ሆነ አንዱ ሲነካ ሌላው ሁሉ ይነካል። ባለቤቶቹ ለአርክቴክቱ ወይም ለመሐንዲሱ ከሚያቀርቧቸው ጥያቄዎች መካከል አንዱ የሚከተለው ነው፤ ማብሰያውና ኦቨኑ በአንድ አካል ሆነው ወለል ላይ የሚቆመውን ሰፊ ምድጃ እንግዛ? ወይስ ማብሰያውን በሥራ ጠረጴዛው ላይ፣ ኦቨኑን ደግሞ በቁም ሳጥን ውስጥ ለየብቻቸው እናስገጥም?

ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ የዕቃ ግዢ ጥያቄ ይመስላል፤ የዋጋ ዝርዝር አስቀርቦ፣ የክፍሉን ስፋት ለክቶ የሚወሰን ጉዳይ ተደርጎም ይቆጠራል። ይሁን እንጂ ታሪኩን ወደ ኋላ ተመልሶ ለመረመረው ሰው ሁለቱ ዕቃዎች የሁለት አሳቦች ውጤት መሆናቸው ይገለጥለታል። አንደኛው አሳብ የቤቱን እሳት ሁሉ በአንድ ቦታ ይሰበስባል፤ ሁለተኛው እሳቱን እንደ ሥራው ዓይነት ይከፋፍለዋል። ሁለቱም አሳቦች በተለያየ ዘመን ያሸነፉት የነዳጁ ዓይነት፣ የግድግዳው አሠራርና ከእሳቱ ፊት የሚቆመው ሰው ማንነት ሲለዋወጥ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ታሪክ በአጭሩ ተርኮ፣ የማኅበራችን አባላት በአገራችን ቤት እድሳት ሥራ ላይ ሊያስቡበት የሚገባውን ነጥብ ማመልከት ነው። ለአጭርነት የመጀመሪያውን ‹‹የወለል ምድጃ››፣ ሁለተኛውን ‹‹የግድግዳ ኦቨን›› እንለዋለን። ‹‹ዓ.ም.›› ያልተባለበት ዘመን ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተጻፈ መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል።

እሳት ወደ ግድግዳ ሲገባ

በአውሮፓ የማድ ቤት እሳት ለብዙ መቶ ዓመታት ይነድ የነበረው በሰፊ የድንጋይ ጭስ ማውጫ ሥር በክፍት ቦታ ነበር። ሥጋው በብረት ዘንግ ተሰክቶ በእሳቱ ፊት ይሽከረከራል፤ ድስቱ በሰንሰለት ይንጠለጠላል፤ ዳቦው ግን በግንብ በተሠራ እቶን ለብቻው ይጋገራል። እንግዲህ ማብሰያና መጋገሪያ ተለያይተው መኖራቸው የዘመናችን ፈጠራ ነው ማለት አይቻልም።

በእንግሊዝ አገር እንጨት እየተወደደ የድንጋይ ከሰል ሲተካው ከሰሉ የሚነድበት የብረት ፍርግርግ ሥራ ላይ ዋለ። በ1780 ቶማስ ሮቢንሰን የተባለ ሰው ከፍርግርጉ ጎን የብረት ኦቨን የተገጠመለት ምድጃ በፓተንት አስመዘገበ። የዚህ ኦቨን ጉድለት ለመታየት ጊዜ አልፈጀበትም፤ በእሳቱ በኩል ያለው ወገን ሲያር፣ በማዶ ያለው ጥሬ ሆኖ ይቀራል። ሆኖም ማብሰያውም መጋገሪያውም ከአንድ እሳት ይሙቁ የሚለው የወለል ምድጃ አሳብ በዚህ ዓይነቱ ሥራ መልክ መያዝ ጀመረ ለማለት ይቻላል።

ተቃራኒው አሳብ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መጣ። ቤንጃሚን ቶምፕሰን በ1753 በሰሜን አሜሪካ በማሳቹሴትስ ተወልዶ፣ በኋላ በባቫሪያ መንግሥት አገልግሎት ውስጥ የካውንት ማዕርግ አግኝቶ ‹‹ካውንት ረምፎርድ›› የተባለ የሙቀት ተመራማሪ ነበር። በሙኒክ ከተማ ለድኾች የሥራና የምግብ አገልግሎት ሲያደራጅ፣ በክፍት እሳት ላይ ከሚቃጠለው ነዳጅ አብዛኛው ሙቀት በጭስ ማውጫው እየወጣ ያለ ጥቅም የሚባክን መሆኑን ተመለከተ። ስለዚህ በጡብ ግንብ ውስጥ ለየድስቱ አንዳንድ ጉድጓድ አበጅቶ፣ ለእያንዳንዱም አየሩ በመዝጊያ የሚቆጣጠር የራሱ ትንሽ እሳት መደበለት። ለጥብስ ደግሞ ከብረት ሉህ የተሠራ በርሜል መሰል ኦቨን በግንቡ ውስጥ ቀበረ፤ ከሥሩም የተለየ ማንደጃ ሠራለት። የዛሬው የግድግዳ ኦቨን ቅድመ አያት ይህ ነው ቢባል ከእውነት መራቅ አይሆንም።

የረምፎርድ አሠራር ነዳጅ ይቆጥብ ነበር፤ ነገር ግን ግንቡ ብዙ ቦታ ይወስዳል፤ እሳቱም ብዙ ስለ ሆነ ብዙ ጠባቂ ይሻል። ለሆስፒታል፣ ለሠራዊትና ለድኾች ማኖሪያ የሚስማማውን ያህል ለአንድ ቤተሰብ አልተስማማም። በ1802 የኤክሰተር ከተማ ብረት አቅላጭ ጆርጅ ቦድሊ ፊቱ በብረት ሰሌዳ የተሸፈነ፣ አንድ እሳት ብቻ ያለው ምድጃ በፓተንት አስመዘገበ። ከሰሌዳው በታች የሚያልፈው ትኩስ ጢስ በኦቨኑ ዙሪያ ተሽከርክሮ ይወጣል። ይህ የተዘጋ ምድጃ የሚፈጀው ከሰል ብዙ ነው ተብሎ ቢነቀፍም፣ በፋብሪካ በቅርጽ እየፈሰሰ በብዛት ሊሠራ የሚችል በመሆኑና አንዲት ሠራተኛ አንድ እሳት ጠብቃ ድስቱንም ዳቦውንም ልታደርስ ስለምትችል፣ በ19ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝን ማድ ቤት ወረሰ። ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ምድጃ በጭስ ማውጫው ግንብ መካከል ተቀርቅሮ የሚገጠም መሆኑ ነው። ዛሬ ‹‹ብቻውን የሚቆም›› የምንለው የወለል ምድጃ ዘሩ ከግድግዳ ጋር የተጣበቀ ነበር።

እሳት ከግድግዳ ሲወጣ

ምድጃው ከግንቡ ተላቆ በእግሩ የቆመው በይበልጥ በአሜሪካ ነው። በዚያ አገር ብዙው ቤት የእንጨት ነበር፤ ባለቤቱም ሠፈር ለቅቆ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ነበር። ስለዚህ የሚፈለገው ተጭኖ የሚሄድ፣ በደረሰበት ቤት በቆርቆሮ ቱቦ ጭሱን የሚያስወጣ ምድጃ ሆነ። በ1834 ፊሎ ስቱዋርት ‹‹ኦበርሊን›› በሚል ስም ለታወቀው የብረት ምድጃ ፓተንት አገኘ። ከዚያ በኋላ ምድጃ ከግንበኛ እጅ ወጥቶ የፋብሪካ ሸቀጥ ሆነ።

ሁለተኛው ለውጥ የመጣው ከጋዝ ጋር ነው። በእንግሊዝ የኖርዝሃምፕተኑ ጄምስ ሻርፕ በ1826 የጋዝ ምድጃ ፓተንት አውጥቶ፣ በ1836 ለገበያ መሥራት ጀመረ። በ1841 በተከፈተው የለንደኑ ሪፎርም ክለብ ሕንፃ ውስጥ ፈረንሳዊው ወጥ ቤት አሌክሲ ሶዬ በጋዝ የሚሠራበት ማድ ቤት አደራጅቶ ብዙ ተመልካች ስቧል። ሆኖም ጋዝ ወደ ተራው ቤት የገባው ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ ሳንቲም የሚጨመርበት የጋዝ ቆጣሪ በ1880ዎቹ መጨረሻ ከመጣ በኋላ ነው። ሠራተኛው ቤተሰብ የወር ሒሳብ ሳይፈራ በሳንቲሙ ልክ እየተጠቀመ፣ ምድጃውንም ከጋዝ ኩባንያው እየተከራየ ማብሰል ቻለ። በ1923 ደግሞ በእንግሊዝ አገር ‹‹ሬጉሎ›› የተባለው የኦቨን ሙቀት መቆጣጠሪያ ወጣ። እስከዚያ ድረስ ኦቨን ውስጥ እጅ አስገብቶ ሙቀቱን መገመት የጋጋሪ ሙያ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ቁጥር ያነበበ ሁሉ ሊጋግር ቻለ።

ጋዝና ኤሌክትሪክ ነገሩን ከሥሩ ለውጠዋል። የድንጋይ ከሰል ምድጃ ማብሰያውንና ኦቨኑን ያጣመረው እሳቱ አንድ ስለ ነበረ ነው፤ ጋዝና ኤሌክትሪክ ግን በቱቦና በሽቦ ወደ ፈለጉት ቦታ ሊመሩ ይችላሉ። ማብሰያውና ኦቨኑ አብረው የሚኖሩበት ግዴታ ያን ጊዜ ቀረ። ይህ ሆኖ ሳለ ሁለቱ ለብዙ ዓመታት በአንድ አካል ቀጠሉ፤ ግዴታው ቢቀርም ልማዱ ቀርቶ አልነበረም።

የተሰበሰበ እሳትን አሳብ እስከ መጨረሻው ድረስ የወሰደው ስዊድናዊው ጉስታፍ ዳሌን ነው። ዳሌን የባሕር መብራት ማማዎችን ጋዝ በሚቆጣጠር ፈጠራው በ1912 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘ መሐንዲስ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በሙከራ ላይ በደረሰ ፍንዳታ ዓይነ ስውር ሆነ። ቤት በዋለበት ጊዜ የምድጃው ሥራ ለሚስቱ ምን ያህል አድካሚ እንደ ሆነ ተረዳ ይባላል። በ1922 ያወጣው ‹‹አጋ›› የተባለው ምድጃ ከባድ የብረት አካል አለው፤ ትንሽ እሳት ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ ይነድና ሙቀቱን በብረቱ ያጠራቅማል። ምድጃው ብዙ መቶ ኪሎ ግራም የሚመዝን ስለ ሆነ የሚያስገባው ሰው አስቀድሞ የወለሉን ጥንካሬ መመርመር ይኖርበታል። በብሪታንያ በ1930ዎቹ መመረት ከጀመረ ወዲህ የገጠር ትልልቅ ቤቶች ምልክት እስከ መሆን ደርሷል። የብረት አካሉ ለብዙ ዓመታት ይፈስበት የነበረው የኮልብሩክዴል ማቅለጫ በ2017 ተዘግቷል፤ ኮልብሩክዴል አብርሃም ዳርቢ በ1709 ብረትን በኮክ ከሰል ያቀለጠበት ሥፍራ ነው።

ማድ ቤት በሴንቲ ሜትር ሲለካ

እሳቱን የመለያየት አሳብ የተመለሰው ከእሳት ጥናት ሳይሆን ከሥራ ጥናት በኩል ነው። ካትሪን ቢቸር ከእኅቷ ከሀሪየት ቢቸር ስቶው ጋር በ1869 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ምድጃው ከዝግጅት ክፍሉ በተንሸራታች በር ተለይቶ፣ ሙቀቱና ሽታው ሠሪዋን እንዳያስጨንቃት የሚያደርግ ንድፍ አቀረበች። ከ1910ዎቹ ጀምሮ ክሪስቲን ፍሬድሪክ የፋብሪካ ሥራ ቆጠራን ወደ ማድ ቤት አምጥታ፣ ከውኃ ወደ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ወደ ምድጃ ስንት እርምጃ እንደሚባክን መዝግባ አሳየች።

በዚህ ጥናት ላይ ተመሥርቶ በስፋት የተሠራው በ1926 የተነደፈው የፍራንክፈርት ማድ ቤት ነው። ኤርንስት ማይ ይመራው ለነበረው የከተማው የቤት ሥራ ፕሮግራም ኦስትሪያዊቷ አርክቴክት ማርጋሬቴ ሊሆትስኪ የነደፈችው ይህ ክፍል ስፋቱ 1.9 ሜትር፣ ርዝመቱ 3.4 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ወደ 10,000 በሚጠጉ ቤቶች ውስጥ ተሠርቷል። ጠረጴዛው፣ መደርደሪያው፣ መታጠቢያው፣ የእህል መሳቢያው ሁሉ ከግድግዳው ጋር ተያይዞ የተሠራ ነው፤ የጋዝ ምድጃው በልኩ ከተተወለት ቦታ ይቆማል። የዛሬው ተገጣጣሚ ማድ ቤት መነሻው ይህ እንደ ሆነ በሰፊው ይታመናል።

የፍራንክፈርት ማድ ቤት ሠሪዋን ከብዙ ድካም አድኗታል፤ ለመንግሥትም ለድኻውም ቤተሰብ ወጪ ቀንሷል። ነገር ግን የተለካው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ሁለተኛ ሰው ሲገባ ክፍሉ ይጠባል፤ ልጅን እያዩ ማብሰል አይመችም፤ ተከራዮቹም በማድ ቤታቸው መብላት ስለ ለመዱ ጠረጴዛ ለማስገባት ይታገሉ ነበር። ሊሆትስኪ ራሷ ይህን ማድ ቤት ከመንደፏ በፊት ቤት አስተዳድራም ሆነ ምግብ አብስላ እንደማታውቅ በኋላ ዘመን ገልጻለች። ይህን የምናነሣው ታላቅ ሥራዋን ለማሳነስ አይደለም፤ ቆጠራ ብቻውን የኑሮን ልማድ ሁሉ የማይዝ መሆኑን ስለሚያስረዳ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1940ዎቹ መጨረሻ፣ የአሜሪካ ፋብሪካዎች የግድግዳ ኦቨንን ለቤት ገበያ አቀረቡ። ምክንያቱ የሚያሳምን ነበር። በወለል ምድጃ ትኩስ የመጋገሪያ ሳህን የሚወጣው ጎንበስ ተብሎ፣ ክብደቱ በወገብ ላይ አርፎ ነው፤ በወገብና በደረት መካከል የተገጠመ ኦቨን ግን ይህን ያስቀራል። ለአረጋዊ፣ ለነፍሰ ጡርና ወገቡን ለሚያመው ሰው ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በአውሮፓም ተገጣጣሚው ማድ ቤት 60 ሴንቲ ሜትርን እንደ መለኪያ ሲይዝ፣ የግድግዳ ኦቨኑ ከዚያው ልክ ጋር ተስማምቶ ተስፋፋ።

ይሁንና የወለል ምድጃው አልሞተም። በቅርቡ አሥርታት በብሪታንያ የቆዩ ቤቶች ሲታደሱ፣ ማድ ቤቱን ከመብያ ክፍሉ የሚለየው ግድግዳ እየፈረሰ፣ የተደፈነው የጥንቱ ጭስ ማውጫ እየተከፈተ፣ ከ90 እስከ 110 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ምድጃ በዚያው ክፍተት እየቆመ ነው። ቦድሊ ምድጃውን የቀረቀረበት ሥፍራ ከ200 ዓመት በኋላ ጋዝና ኤሌክትሪክ ገባበት ማለት ነው። ማድ ቤት የአንዲት ሠራተኛ መሸሸጊያ መሆኑ ቀርቶ ቤተሰቡ የሚሰበሰብበት ክፍል ሲሆን፣ የተሰበሰበው እሳት ተመልሶ ተፈለገ።

የእኛ ቤት እሳት

በአማርኛ ‹‹ሦስት ጉልቻ መሠረተ›› ማለት ትዳር ያዘ፣ ቤት ሠራ ማለት ነው። ቋንቋችን ቤትን በእሳቱ ይሰይመዋል። ይሁን እንጂ እሳቱ ከዋናው ቤት ርቆ እንዲኖር ማድረግ የቆየ ልማዳችን ነው። በትልልቅ ግቢዎች እልፍኝና አዳራሽ ከፊት ሲሆኑ፣ ማድ ቤት ከጓሮ ነው፤ በቤተ መንግሥትም ወጥ ቤት፣ እንጀራ ቤትና ጠጅ ቤት ለየብቻቸው ነበሩ። ሣር ክዳን ቤት በቀላሉ የሚቀጣጠል መሆኑና የጭሱ ብዛት ይህን ልማድ ምክንያት ያለው ያደርጉታል። ረምፎርድ በግንብ ውስጥ የከፋፈለውን እሳት አባቶቻችን በግቢ ውስጥ ከፋፍለውት ነበር ለማለት ይቻላል።

ኦቨን ወደ አገራችን ሲገባ በመጀመሪያ የቤት ዕቃ ሆኖ አልገባም። ‹‹ፉርኖ›› የሚለው ከጣሊያንኛ የመጣው ቃላችን የሚያስታውሰን የከተማውን ዳቦ ቤት ነው። በየቤቱ ድፎ ዳቦ የሚጋገረው በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ በምጣድ ላይ ከላይና ከታች እሳት ተደርጎለት ነበር። በኋላ በከተሞች ቪላ ቤት ሲሠራ የባሕር ማዶው ማድ ቤት ከነንድፉ መጣ፤ መታጠቢያ፣ የወለል ምድጃ፣ የግድግዳ ሳጥን። እንጀራው ግን በዚያ ክፍል ቦታ ስላላገኘ ወደ ጓሮ፣ ‹‹ሰርቪስ›› ወደሚባለው ቤት ተላከ። በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ማድ ቤት ሆነ፤ አንዱ እንግዳ የሚያየው፣ ሁለተኛው ምግቡ የሚሠራበት።

ይህ የሆነው ምጣድ የራሱ ጠባይ ስላለው ነው። የእንጀራ ምጣድ ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በመለኪያው 60 ሴንቲ ሜትር የሆነው የግድግዳ ኦቨን ግን ከውስጥ በኩል 50 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ቢሰፋም አይጠቅምም፤ ሊጡ ከላይ እየዞረ ይፈሳል፣ ዓይን ሲያወጣ በአክምባሎ ይከደናል፣ ሲበስል በሰፌድ ይነሣል፤ ይህ ሁሉ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከላይ ክፍት በሆነ እሳት ላይ የሚሠራ ነው። የወለል ምድጃው የጋዝ ዓይኖችም ለትንሽ ድስት የተለኩ ስለ ሆኑ ሰፊውን ምጣድ እኩል አያሞቁትም። እንግዲህ ሁለቱም የባሕር ማዶ መልሶች የእኛን ቤት ዋና ጥያቄ ሳይነኩት ያልፋሉ።

ለጥያቄው መልስ የተገኘው ከምጣዱ ራሱ ተነሥቶ በተደረገ ሥራ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ማለቂያ ያስመጡት ባሕር ዛፍ የአዲስ አበባን የማገዶ ችግር አቃልሎ ከተማይቱን ከመፍለስ ቢያድንም፣ ጭሱን ግን አላቃለለም። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ ኃይል ለከተማው ነዋሪ እየበዛ ሲሄድ፣ የሸክላው ምጣድ ሥሩ ተቦርቡሮ የኤሌክትሪክ ሽቦ የተጠመጠመለት የኤሌክትሪክ ምጣድ በከተማ ቤቶች እየተለመደ መጣ። ኤሌክትሪክ ላልደረሰው ደግሞ በ1980ዎቹ ዓ.ም. ‹‹ምርጥ›› የተባለው ምድጃ ወጣ። ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ጠጠር የሚሠራው ይህ ምድጃ በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚቃጠለው እንጨት ግማሽ ያህሉን ይቆጥባል። ሁለቱም የተሳካላቸው የሠሪዋን ምጣድ፣ ሊጥና እንቅስቃሴ እንዳለ ተቀብለው እሳቱን ብቻ ስላሻሻሉ ነው።

‹‹ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም›› ይላል ተረታችን። ተረቱ ስለ ወጡ እንጂ ስለ ሠሪዋ አልተናገረም። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል። ጉልቻ መለዋወጡ ለወጡ ጣዕም ባይሆንም ለዓይን፣ ለሳንባና ለወገብ ብዙ ይጠቅማል።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም ሲጀመር ጥያቄው እንደገና ተነሣ። ፎቅ ላይ ጓሮ የለም፤ ስለዚህ ለማብሰያ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለዕርድ የሚያገለግሉ የጋራ ቤቶች ከሕንፃዎቹ ጎን ተሠሩ። አሳቡ ልማድን ያከበረ ነበር። ነገር ግን ሊጥና ምጣድ ይዞ ከአራተኛ ፎቅ መውረድና መውጣት ቀላል ስላልሆነ፣ ብዙው ቤተሰብ የኤሌክትሪክ ምጣዱን ከጠባቡ ማድ ቤት ወይም ከበረንዳው ማኖርን መረጠ። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ከዚሁ ጥያቄ ጋር ተጋፍጠዋል። በተከራዩት ቤት የወለል ምድጃ ከነኦቨኑ ተገጥሞ ይጠብቃቸዋል፤ እንጀራ ግን አይጋግርላቸውም። ስለዚህ ብዙዎቹ የኖርዌይ ተወላጆች ‹‹ሌፍሴ›› የተባለ ቂጣ የሚጋግሩበትን፣ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለውን ክብ የኤሌክትሪክ መጋገሪያ ገዝተው እንጀራ ጋገሩበት። ሁለት የተራራቁ ሕዝቦች በአንድ ምጣድ የተገናኙት ፋብሪካው ለሁለቱም ልማድ የሚሆን ቦታ በመደበኛው ምድጃ ላይ ስላልተወላቸው ነው።

ለእድሳት የሚጠቅም ሚዛን

ከዚህ በላይ ከተመለከትነው ታሪክ ለሥራችን የሚጠቅሙ ጥቂት ነጥቦች ይወጣሉ።

አንደኛ፤ የወለል ምድጃ ጥቅሙ ቀላልነቱ ነው። አንድ ዕቃ፣ አንድ ቦታ፣ አንድ የጋዝና አንድ የኤሌክትሪክ መስመር ይበቃዋል፤ ሲያረጅ ወጥቶ በሌላ ይተካል፤ ቤት ሲለቀቅም አብሮ ይሄዳል። ማብሰያው በጋዝ፣ ኦቨኑ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ዓይነት መብራት በሚጠፋበት ሰዓት ድስቱን አያስቆምም። ጉድለቱ ደግሞ የኦቨኑ በር ዝቅ ማለቱ፣ ጎንበስ የሚያሰኝና ለሕፃናት እጅ ቅርብ መሆኑ ነው።

ሁለተኛ፤ የግድግዳ ኦቨን ጥቅሙ ለሠሪው አካል የሚመች መሆኑ ነው፤ ማብሰያውና ኦቨኑ ስለሚለያዩም ሁለት ሰዎች ሳይጋፉ ሊሠሩ ይችላሉ። ጉድለቱ ረዥም ቁም ሳጥን የሚፈልግና የሥራ ጠረጴዛውን የሚያሳጥር መሆኑ ነው። አየር የሚተነፍስበት ክፍተትና ልኩ የተጠበቀ የእንጨት ሥራ ይሻል። ዕቃው ተበላሽቶ ተመሳሳይ ልክ በገበያ ካልተገኘ ቁም ሳጥኑም አብሮ ይፈርሳል።

ሦስተኛ፤ የኤሌክትሪኩን ጭነት አስቀድሞ ማስላት ግዴታ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል። ምጣዱን 3.5፣ ኦቨኑን 3፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ማብሰያ 7 ኪሎ ዋት ብንይዝ ድምሩ 13.5 ኪሎ ዋት ነው፤ ይህም በ220 ቮልት 61 አምፔር ያህል ይሆናል። ይህን ጭነት ለመብራትና ለማቀዝቀዣ ብቻ በተዘረጋ አሮጌ ሽቦ ላይ መጫን እሳትን ከምድጃ አውጥቶ በግድግዳ ውስጥ ማንደድ ነው። ለምጣዱ የራሱ ወፍራም መስመር፣ የራሱ ማቋረጫና የመሬት ሽቦ ሊኖረው ይገባል።

አራተኛ፤ የምጣዱ ቦታ በንድፉ ላይ ከመጀመሪያው ቀን መሠመር አለበት። መደበኛው የሥራ ጠረጴዛ ከፍታ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ምጣዱ ራሱ ከፍታ ስላለው በዚያ ላይ ቢቀመጥ ሠሪዋ ሊጡን ለማዞር ክንዷን ወደ ላይ ማንሣት ይኖርባታል። ስለዚህ ለምጣዱ ዝቅ ያለ፣ ሙቀት የሚችል ሰሌዳ ያስፈልገዋል። በአንድ ጎኑ የሊጥ ዕቃው፣ በሌላው እንጀራው የሚዘረጋበት ቦታ፣ ከበላዩም እንፋሎቱን የሚያወጣ መስኮት ወይም መሳቢያ ይኑረው። አክምባሎው ሲነሣ የሚያርፍበትም ቦታ መታሰብ አለበት።

ከእነዚህ ነጥቦች በኋላ ወደ ተነሣንበት ጥያቄ ስንመለስ መልሱ የሚከተለው ነው። ወገቡን የሚያመው ወይም አረጋዊ ሰው በሚያበስልበት፣ ዳቦና ኬክ አዘውትሮ በሚጋገርበት ቤት የግድግዳ ኦቨን ዋጋውን ይመልሳል። ቤተሰቡ ብዙ ሆኖ ብዙ ድስት በአንድ ጊዜ በሚጣድበት፣ መብራት በሚቆራረጥበት፣ የእንጨት ሠራተኛው ሙያ ባልተረጋገጠበት ቤት የወለል ምድጃ ይሻላል። በጀቱ ለሁሉም በማይበቃበት ቤት ግን፣ ይኸውም በአብዛኛው ቤት፣ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ተራ ምድጃ ከነኦቨኑ ገዝቶ የተረፈውን ገንዘብ ለምጣዱ መስመር፣ ለምጣዱ ሰሌዳና ለአየር ማውጫው ማዋል ከሁሉ ይበልጣል። ኦቨኑ የድስት ማስቀመጫ ሆኖ፣ ምጣዱ በረንዳ ላይ በተቀጣጠለ ገመድ የሚሠራባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም፤ እንዲህ ዓይነቱ ቤት ገንዘብ ቢወጣበትም ታድሷል ለማለት ያስቸግራል።

ረምፎርድ የድኾችን ምግብ ሲያደራጅ፣ ዳሌን ቤት ውሎ የሚስቱን ድካም ሲረዳ፣ የ‹‹ምርጥ›› ምድጃ ሠሪዎችም ከምጣዱ ሲጀምሩ፣ ሁሉም አስቀድመው የመረመሩት እሳቱ ለማን እንደሚያገለግል ነው። እኛም የእድሳት ንድፍ ስንጀምር የምድጃ ዝርዝር ከማየታችን በፊት እንጀራውን የምትጋግረውን ሰው፣ እመቤትም ትሁን ሠራተኛ፣ ባዶው ክፍል ውስጥ ጠርተን ሊጡን የምታዞርበትን የክንዷን ከፍታ፣ የምትቆምበትንም ቦታ ብንለካ፣ ከወለል ምድጃና ከግድግዳ ኦቨን የትኛው እንደሚሻል በብዙው ከዚያው ልኬት ላይ እናገኘዋለን።